በሚስቱ የቀናው ካሳዬ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለ ኑሮ ውድነት በሰላም ማማረር የፈለገ ሰው፣ ካሳዬ በሌለበት ቢያማርር ይሻለው ነበር። «ሽንኩርት እሳት ሆነ» ያለች ጎረቤት ካሳዬ ከሰማት አለቀላት። «ቆይ፣ መጀመሪያ የምርት ግንኙነቱን እንይ» ይላል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። ከዚያ ነጋዴው፣ ደላላው፣ ገበሬው፣ ባለ ጭነት መኪናው አንድ በአንድ እየተነሱ ሲበለቱ ሽንኩርቱ ተረስቶ ይቀራል። ጎረቤቶቹ «ጓድ ካሳዬ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ግማሹ ፌዝ ነበር፤ እሱ ግን ሙሉውን እንደ ክብር ይቀበለው ነበር።

ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ካሳዬ በወጣትነቱ ከጋይንት ማትሪክ በጥሩ ውጤት አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ የመረጠው ትምህርት ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ትምህርት የሚማር ልጅ ነገ አገር የሚመራ ይመስለዋል፤ ሲራመድ እንኳ ደረቱን ነፍቶ ነው። ትርፍ እሴት፣ ንዑስ ከበርቴ፣ ወዝአደር የሚሉት ቃላት ከአፉ ሲወጡ ድምፁ ለራሱ ይጥመው ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ መንግሥት ተለወጠ። ተቋርጦ የነበረው ትምህርት ሲጀመር የእሱ ትምህርት ክፍል አብሮ አልጀመረም። «ሌላ ምረጡ» ተባሉ። እሱ አኩርፎ አገሩ ገባ፤ ኩርፊያው የትም እንደማያደርሰው ሲገባው ተመልሶ፣ በማታ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዞ ንግድ ቢሮ ተቀጠረ። ይኸው እስከ ዛሬ የነጋዴዎችን ፈቃድ ያድሳል። «ምን ነበር የተማርከው?» ሲባል ግን መልሱ አንድ ነው፤ «ፖለቲካል ኢኮኖሚ»። ጨረስክ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። አለመጨረሱን የምታውቀው ሚስቱ ሙሉ ናት፤ እሷም በሰው ፊት አንስታበት አታውቅም።

ሙሉ የክፍለ ከተማ ሠራተኛ ናት፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ። ካሳዬ ሲያወራ ራሷን እየነቀነቀች ሥራዋን የምትሠራ፣ ዝምተኛ የምትባል ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በርቀት ትምህርት ያገኘችው ወጥ እያማሰለች፣ ልጇን ቤዛዊትን እያሳደገች ነው። ያኔ ይዟት ሄዶ ያስመዘገባት ራሱ ካሳዬ ነበር። ማኔጅመንት ነበርና ቅር አላለውም።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣ «ማስተርስ ልጀምር ነው» አለችው።

«ጎበዝ! በማኔጅመንት?»

«በፖለቲካል ኢኮኖሚ።»

ካሳዬ ሳቀ። የጎረሰው ትን እስኪለው ሳቀ። «አንቺ ደግሞ!»

«ምነው? እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። ፈተናውን አልፌ ተመዝግቤያለሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ኮቱን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ፣ ሳያስፈቅደው ለብሶ የወጣ ሰው ያየ ያህል ነበር የተሰማው። ዓለም ላይ ስንት ዓይነት ትምህርት እያለ! ግን ይህን እንዴት አፍ አውጥቶ ይናገረዋል? «እንግዲያው አስተማሪ ቤትሽ አለልሽ» አለና እጁን ታጠበ።

እንዳለውም አስተማሪ ሆነ። ዓርብ ከሥራ መልስ አስቀምጦ ስለ ትርፍ እሴት አብራራላት። ሙሉ ብዕር ይዛ ሰማችው። ካሳዬ ከስንት ዘመን በኋላ የሚሰማው ሰው አግኝቶ ነፍሱ መለስ አለች። እሁድ ከክፍል ስትመለስ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ካስዬ፣ ያስረዳኸኝን ሁሉ አስተማሪያችን በአንድ ጠዋት ጨረሰችው» አለችው፣ ምንም ክፋት ሳታስብ። «አሁን ወደ ሌላ ምዕራፍ አልፈናል።»

«ወደ ምን?»

ነገረችው። መንግሥት፣ ነጋዴና አባወራ ሲደራደሩ ማን ቀድሞ ይደርሰዋል፣ ማን ይጠብቃል የሚል ነገር ነበር። የጠራቻቸውን ሰዎች ካሳዬ አንዳቸውንም አያውቃቸውም።

«ይሄ ፖለቲካል ኢኮኖሚ አይደለም» አለ። «ወሬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ካሳዬን ራሱን የሚያመው ሙሉ መጽሐፍ ስትከፍት ሆነ። ሻይ የሚጠማው ያኔ ነው፤ መነጽሩ የሚጠፋው ያኔ ነው፤ የዜናው ድምፅ አልሰማ የሚለውም ያኔ ነው። ሙሉ ተነስታ ሻዩን ታፈላለች፣ መነጽሩን ትፈልጋለች፣ ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ይህ ትዕግሥቷ ይባስ አንጀቱን ያሳርረው ነበር።

በዚህ ላይ ሰናይ የሚባል ስም ቤቱ ገባ። «ሰናይ እንዲህ ብሎ ጠየቀ»፣ «ሰናይ በዚህ አይስማማም»። የባንክ ሠራተኛ ነው፣ አርባን የተሻገረ፣ የክፍሏ ልጅ።

«ሚስት የለውም እንዴ?» አለ ካሳዬ አንድ ቀን፣ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ።

«ተፋተዋል።»

ጋዜጣውን ገለበጠው፤ ምን እንዳነበበ ግን እሱም አያውቅ።

አንድ እሁድ ገርጂ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ኢምፔሪያል ላይ የጎሮ ታክሲ ይጠብቅ ነበር። መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆሟል። እፊቱ አንዲት ነጭ ቪትዝ ቆመች፤ ገቢና የተቀመጠችው ሙሉ ናት። መስኮቱ ተከፍቷል። እሷ ግን አላየችውም፤ እያወራች ነበር። እጇ፣ ትከሻዋ፣ ቅንድቧ ሁሉ ያወራል። መሪውን የያዘው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ይሰማታል። ካሳዬ ከሙሉ ጋር በታክሲ የሄደበትን ጊዜ ሁሉ አሰበ። አጠገቡ ስትቀመጥ የምታየው ውጭውን ነበር። መኪናዋ ተንቀሳቅሳ ስትሄድ ረዳቱ «ጋሼ፣ ትገባለህ አትገባም?» ብሎ ጮኸበት።

ቤት ደርሶ ጠበቃት። «በምን መጣሽ?»

«ሰናይ እስከ ጎሮ አደረሰኝ። መንገዱ ደግሞ! ኢምፔሪያል ላይ ተገትረን እግሬ ደነዘዘ።»

ብትደብቀው ኖሮ ይጣላት ነበር። ስላልደበቀች የሚጣላበት አጣና አኮረፈ። ሳልና ቅናት አይደበቁምና ልጁ ቤዛዊት ወዲያው ነቃችበት። ቤዛዊት ሩዋንዳ አካባቢ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የሰው ፊት ማንበብ ሥራዋ ነው።

«አባዬ፣ በእማዬ ትቀናለህ እንዴ?»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ለዚያ ባለ ቪትዝ ብዬ?»

«ስለ ባለ ቪትዙ መቼ አነሳሁ?» አለችና ትታው ወደ ጓዳ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ባለ ቪትዙ ራሱ ቤት መጣ። የቡድን ሥራ ነበራቸውና ሰናይና ሱሀይላ የምትባል፣ ጨርቃ ጨርቅ የምትነግድ የወሎ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራብሳ ድረስ መጡ። ካሳዬ ኮቱን ለብሶ፣ ተላጭቶ ጠበቃቸው። ሰውዬውን በክርክር አንበርክኮ ሊሸኘው ቆርጦ ነበር። ገና ሻይ ሳይቀርብ ከምርት ኃይሎች ጀምሮ እስከ ንዑስ ከበርቴው ወላዋይነት አወረደበት። ሰናይ ዓይኑ እየበራ ሰማውና፣

«ጋሽ ካሳዬ፣ እርስዎ እኮ ራስዎ ታሪክ ነዎት!» አለ። «አንድ ቀን መጥቼ ድምፅዎን ብቀርጸው ይፈቅዱልኛል?»

ከልቡ ነበር ያለው። ካሳዬ ግን እንደ ሙዚየም ዕቃ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥሩ ወረቀት የተለጠፈበት ሆኖ ራሱን አየ።

ሦስቱ ወደ ሥራቸው ገቡ። ሙሉ የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ነገረቻቸው፤ በኮንዶሚኒየም የውሃ ፈረቃ ላይ ነው። ሰናይ አልተዋጠለትም።

«ሙሉ፣ ይሄ እኮ የቧንቧና የፓምፕ ጉዳይ ነው። መሐንዲስ ይጨርሰዋል።»

«አይጨርሰውም» አለች ሙሉ። «ውሃው የመጣ ቀን ለብሎኩ ሁሉ ይመጣል። እስኪመጣ የሚጠብቀው ግን ማን ነው? የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ያለው አይጠብቅም። ሠራተኛ ያለው አይጠብቅም። ወንዱ አይጠብቅም። እኔ ጀሪካን ይዤ የቆምኩበትን ሰዓት ማን ነው የወሰደው? ለምን እኔ? መሐንዲሱ ይህን ይመልስልኛል?»

ሰናይ አንድ ነገር ሞከረ፤ አፈረሰችበት። ሌላ ሞከረ፤ እሱንም አፈረሰችው። ጉንጯ ቀልቷል፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ሱሀይላ ትስቃለች። ሰናይ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ላብ ላብ እያለው ነበር። ካሳዬ ከሶፋው ጥግ ሆኖ ሲያይ ሰውዬው እንደ ሴት እንደማያያት ገባው፤ ይፈራታል። ይህ ሊያሳርፈው ይገባ ነበር። አላሳረፈውም። እሱ በሃያ ዓመቱ ዶርም ውስጥ እስኪነጋ ሲከራከር ፊቱ እንዲህ ነበር የሚግለው። ያ ሙቀት ከእሱ ወጥቶ እሷ ላይ ሰፍሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ ቪትዟን ረሳት፤ የሚያብሰለስለው የሙሉ ፊት ሆነ።

ጥናቷን በአስተማሪዎች ፊት ለማቅረብ ቀጠሮ የተሰጣት ቅዳሜ ደረሰ። ዋዜማውን ዓርብ መብራት ጠፍቶ ነበር። አመሻሹ ላይ ውሃ መጣ ተባለና ሙሉ ጀሪካኖቿን ይዛ ወረደች። ካሳዬ ሶፋው ላይ ነበር። ስልኳ ጠራ፤ አነሳው። ከትምህርት ክፍሉ የደወለች ልጅ ናት።

«ነገ ከሰዓት የነበረው የጥናት ማቅረቢያ ወደ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተዛውሯል። የመጀመሪያዋ አቅራቢ ሙሉ ናት። ይነግሩልኛል፣ አባቴ?»

«እነግራታለሁ» አለ ካሳዬ።

ስልኩን ዘግቶ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ጥሪውን ከስልኩ መዝገብ ላይ ሰረዘው። ጣቱ ነው ያደረገው። ሙሉ በሁለት እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ ወገቧ ጎብጦ ስትገባ፣ «ስልክ የጠራ መሰለኝ» አለች።

«የእኔ ነው።»

ጠዋት መብራቱ አልመጣም፤ የሙሉም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። ከሰዓት ነው ብላ ስላሰበች ተረጋግታለች። ጫማዋን ጠረገች፣ ቀሚሷን መረጠች፣ መስታወት ፊት ቆማ የምትናገረውን ተለማመደች። ካሳዬ ቁርሱ አልወርድ ብሎት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሰርቆ ያያል። ሁለት ሰዓት ሆነ።

«ካስዬ፣ እስቲ ስማኝ» አለችው። «እዚህ ጋ ሁልጊዜ እደናቀፋለሁ።»

ፊቱ ቆማ ተናገረች። ወረፋ በራሱ የሥልጣን ሠንጠረዥ ነው አለች፤ በአንድ ሰፈር ማን ማንን እንደሚገዛ ማወቅ ከፈለግህ ማን ማንን እንደሚያስጠብቅ እይ አለች። ካሳዬ ቀና ብሎ አያት። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጥሩ ብቻ አይደለም፤ እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ትልልቅ ቃል ሲደረድር እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፉ አልወጣም። ቀናባት። ወዲያው ደግሞ ድንጋጤ ያዘው፤ ይህ ነገር ሳይሰማ ሊቀር ነው።

«ሙሉ፣ ጫማሽን አድርጊ!» ብሎ ብድግ አለ። «ተቀይሯል። ሦስት ሰዓት ነው።»

«ምኑ?»

«ማቅረቢያሽ! ደውለው ነበር። ተነሺ!»

አየችው። ቦርሳዋን አንስታ ደረጃውን ስትወርድ እሱ ጃኬቱን በአንድ እጁ አጥልቆ ይከተላታል። የጎሮ ታክሲ ተጋፍተው ገቡ። ከጎሮ የኢምፔሪያሉን ያዙ። ከኢምፔሪያል በፊት መንገዱ ቆመ።

«መቼ ነው የደወሉት?» አለች ሙሉ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር።

«ማታ።»

«ውሃ ስቀዳ?»

«አዎ።»

ታክሲው ትንሽ ሄዶ እንደገና ቆመ።

«በሰናይ ቀንተህ ነው?»

«አይደለም» አለ ካሳዬ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «መጀመሪያ በእሱ ነበር። በአንቺ ነው፣ ሙሉ። እኔ ያልጨረስኩትን... እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ተቀምጠሽ ሳይ...» ቃላት አለቁበት። በዕድሜው ቃላት ያለቁበት ያን ቀን ነው።

«አሁን አታናግረኝ» አለች። «የማቀርበው ሊጠፋብኝ ነው።»

ሲደርሱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሱሀይላ ደረጃው ሥር ቆማ እጇን ታወናጭፋለች። «ቶሎ ግቢ! ሰናይ በአንቺ ተራ ገብቷል። እኔ ልቅደም ብሎ ለመናቸው። ምንም አልተዘጋጀም፤ ሲያፋጥጡት ልታዪ ይገባ ነበር።» ሙሉ ሮጣ ገባች። ካሳዬ ከኋላ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰናይ አንገቱን ደፍቶ ከመድረኩ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ካሳዬ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው።

ሙሉ ተነሳች። ድምፏ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀና አለ። ስለ ወረፋው የምትለው ጋ ስትደርስ አልተደናቀፈችም። አስተማሪዋ ከባድ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ሙሉ ትንሽ አሰብ አድርጋ መለሰች። አንድ ሽማግሌ ፈታኝ «ይህን ማሳተም አለብሽ» ሲሏት የካሳዬ ቅናት ተመልሶ መጣ። አጨበጨበ፤ እያጨበጨበም ቀና።

የዚያን ቀን ሙሉ አብራው አልተመለሰችም። ከጓደኞቿ ጋር ምሳ በልታ፣ አመሻሽ ላይ ከቤዛዊት ጋር መጣችና ልጇ ክፍል ገብታ ተኛች። ሳምንታት እንዲህ ሄዱ። ከእሱ ጋር የምትነጋገረው የግድ ሲሆን ነው፤ «ጋዝ አልቋል»፣ «የዕድሩ ስብሰባ ነገ ነው»። ሽማግሌ እንዳይልክ ምን ብሎ ሊያስረዳቸው? ሚስቴ ስለተማረች ቀናሁ ይበል?

በመጨረሻ ሰናይን ደውሎ ሩዋንዳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አገኘው። «ያስረፈድኳት እኔ ነኝ» አለው። «አንተንም ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሰናይ ማኪያቶውን ብዙ አማሰለ። «ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ አንድ ባንክ ነበር የምንሠራው» አለ። «እሷ ሥራ አስኪያጅ ሆነች፣ እኔ ቀረሁ። ሥራ ስትሄድ ልብሷ ላይ አቃቂር አወጣለሁ። ስብሰባ ሲኖራት ልጁን አሞታል እላለሁ። አንድ ቀን በቃኝ ብላ ወጣች። እኔ ዛሬም ድረስ ቀንቼ ነበር ብዬ አልነገርኳትም። እርስዎ ነግረዋት ከሆነ ከእኔ ይሻላሉ።»

ካሳዬ ከዚያ ካፌ በእግሩ እስከ ኢምፔሪያል ሄደ። ፈርቶ ነበር።

በሚቀጥለው የውሃ ተራ ሳይጠሩት ጀሪካኖቹን ይዞ ወረደ። ሴቶቹ «ጓድ! ዛሬ ምን ተገኘ?» ብለው ሳቁበት፤ ቆሞ ጠበቀ፣ ቀድቶ እያለከለከ ወጣ። ሙሉ በሩን ከፍታለት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጥናቴን ልታበላሽብኝ ነው» አለች። «ወንድ አይጠብቅም ብዬ ጽፌያለሁ።»

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀለደችው ይህን ነው። ይቅር ያለችው ግን ገና ብዙ ቆይታ ነው፤ ያም ቢሆን፣ «ሁለተኛ ስልኬን እንዳትነካ» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር።

ሙሉ ተመረቀች። ከጋይንት የመጣ አጎቱ የምረቃው ድንኳን ሥር ካሳዬን አቅፎ፣ «አንተ የጀመርከውን ሚስትህ ፈጸመችልህ!» ሲለው ፊቱ ፈገግ አለ፣ ውስጡ ድብን አለ። ማታ ለሙሉ ነገራት። «ዛሬም ቀናሁ።»

«ቅና» አለች ሙሉ፣ እግሯን እያሸች። «ብቻ ንገረኝ።»

አሁን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ኮሌጅ ታስተምራለች። በዚህ ሰሞን ስለ ወረፋ ለተማሪዎቿ የምታስረዳውን ስታዘጋጅ ካሳዬ አጠገቧ ነበር። ጀሪካን በሰው ቦታ ወረፋ እንደሚይዝ ስታነብለት፣ «በእኛ ጊዜ ድንጋይ ነበር» አለ።

«የምን ድንጋይ?»

«የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ። ሁሉም ድንጋዩን ደርድሮ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው፤ ሰው የራሱን በመልኩ ያውቀዋል። የማንንም ድንጋይ ማንም አይነካም። ባለ ሥልጣን ዘመድ ያለው ሲመጣ ግን አንድ አዲስ ድንጋይ ከፊት ተቀምጦ ይገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። ሁላችንም እናየዋለን፣ ማንም አያነሳውም።»

ሙሉ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ጠበብ፣ ቅንድቧ ሰብሰብ ብሏል። ካሳዬ ያን የቅናት ፊት ወዲያው አወቀው፤ ከራሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

«ይህን ሁሉ ዓመት» አለች ሙሉ እልህ በተናነቀው ድምፅ፣ «ትርፍ እሴት፣ ትርፍ እሴት እያልክ ስታደነቁረኝ፣ ይህን ለምን አልነገርከኝም? የመመረቂያ ጥናቴ ውስጥ መግባት ነበረበት!»

ካሳዬ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባና ራቱን ራሱ አሙቆ፣ ደስ ብሎት በላ።